የጨው መዛኞች መጽሐፍ ሲመዝኑ

አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ይህን ታሪክ ማውራት አይገባኝም ነበር። አንደኛ፣ እውነት ይሁን ተረት አላስመዘንኩትም፤ ያልተመዘነ ወሬ ይዞ አደባባይ መውጣት ደግሞ በትልልቅ ሰዎች ዘንድ ነውር ነው። ሁለተኛ፣ ነገሩ የሌላ አገር ነው፤ እኛን አይመለከትም። እኛ ዘንድ ሚዛኑ ደህና ነው፣ መዛኞቹም ጤነኞች ናቸው፣ «ከሁለቱ አንዱን ምረጥ» ተብሎ አንገቱን የተያዘ ሰውም የለም። ይህን ካልኩ በኋላ፣ በጥፋቴ ተጸጽቼ፣ አንገቴን ደፍቼ እቀጥላለሁ።

ከብዙ ተራራ ማዶ አንድ መንግሥት ነበረ። ከቆላ የሚመጣው ጨው ሁሉ በቤተ መንግሥቱ ደጃፍ ባለው ዋርካ ሥር እየተመዘነ ይቀረጥ ስለ ነበር፣ መዛኞቹ የተከበሩ፣ ሆዳቸውም የሞላ ሰዎች ነበሩ። ኋላ የጨው መንገድ ወደ ሌላ አገር ዞረና ሚዛኑ እንደ ተሰቀለ ቀረ። መዛኞቹ ከጠዋት እስከ ማታ ዋርካው ሥር እየተቀመጡ ንጉሡን ማማት ጀመሩ። ንጉሡ ይህን ሲሰማ አማካሪዎቹን ሰብስቦ፣ ሥራ የፈታ መዛኝ አገር ያፈርሳል፣ የሚመዘን ነገር ፈልጉላቸው አለ። እህል እንዳይሉ እህል በቁና ይሰፈራል፤ ሥጋ እንዳይሉ ሥጋ በመደብ ይከፈላል። ዞረው ዞረው በአገሩ ውስጥ ተመዝኖ የማያውቅ ነገር መጽሐፍ ብቻ ሆኖ አገኙት።

እንዲህ ሆኖ መጽሐፍ መመዘን ተጀመረ። ባንዱ ሳህን ላይ አባ ርቱዕ የሚባል ጥቁር ድንጋይ ይቀመጣል፤ በሌላው ላይ መጽሐፉ። ድንጋዩን ያነሣ መጽሐፍ እውነት ነው። ድንጋዩ ያነሣው ደግሞ ተረት። መጽሐፉን ገልጦ ማየት አይፈቀድም፤ መግለጥ መዛኝን አለማመን ነውና።

ሕዝቡም በዚሁ ተከፈለ። መጽሐፉ እውነት የተባለለት ላይ ሰፈር ይኖራል፣ የነጠላው ጥለት አመድማ ነው። ተረት የተባለበት ታች ሰፈር ይኖራል፣ ጥለቱ ቀይ ነው። የላይ ሰፈር ሰው ሲያነብ ግንባሩን ቋጥሮ ራሱን መነቅነቅ አለበት፤ መሳቅም ማልቀስም ክልክል ነው። የታች ሰፈር ሰው እንደ ልቡ መሳቅና ማልቀስ ይችላል፤ ማመን ግን አልተፈቀደለትም። በፍርድ ቦታ የሚመሰክረው የላይ ሰፈር ሰው ብቻ ስለሆነ፣ ቤት ሲቃጠል በዓይኑ ያየ ባለ ቀይ ጥለት ዝም ይላል፤ በዚያን ቀን አገር ውስጥ ያልነበረ ባለ አመድማ ጥለት ይጠራና ራሱን እየነቀነቀ ይመሰክራል። ታች ሰፈሮችም ተበደልን ብለው ዝም ብለው አልተቀመጡም። አመድማ ጥለት ያየ ሁሉ «ይኸ ደረቅ» ይላል፤ የላይ ሰፈር ሰው በሠርጋቸው ከተገኘ የቀመሰበትን ጠላ ይደፉታል። ሁለቱም ሰፈር እንዲህ እየተናናቀ በኩራት ይኖር ነበር።

ሕጉ አንዳንድ ነገር አስከትሏል፤ ትንንሽ ነገር ነው። «ጃርት ያገባችው ልጅ» የሚባል መጽሐፍ ነበረ። የደጎሰው ሰው ወፍራም እንጨትና ድርብ ቆዳ ስለ ወደደ መጽሐፉ ድንጋዩን በአንድ ጊዜ አነሣው፤ ስለዚህ እውነት ሆነ። ወዲያው ሁለት ትልልቅ ቤተሰቦች የጃርቱ ዘር ነን ብለው ተነሡ። ርስት ተቆጠረላቸው። እስከ ዛሬም ለበዓል የጃርት እሾህ ጠጉራቸው ላይ ይሰካሉ። በአንጻሩ፣ የተሰበረ አጥንት እንዴት እንደሚጠገን የሚያስተምረው መጽሐፍ ቀጭን ነበርና ተረት ተባለ። ላይ ሰፈር ውስጥ እጁን ወይም እግሩን የተሰበረ ሰው በተረት አይታከምም። ስለዚህ የላይ ሰፈር ሰው በብዛት ያነክሳል፤ ማነከስም ቀስ በቀስ የጨዋ ልጅነት ምልክት ሆነ። ያልተሰበሩትም ለክብራቸው ሲሉ ያነክሱ ጀመር።

በዚህ አገር ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። የታች ሰፈር ልጅ ነች፤ ዋሴ የሚባል የላይ ሰፈር ሰው አግብታ ወደ ላይ ወጣች። ከታች የምታገባ ሴት መጻሕፍቷን ደጃፍ ላይ ጥላ እንድትገባ ሕጉ ያዛል። ትርንጎ ግን ቅጂዋ ስስ ስለ ነበር ተረት የተባለውን ጃርቱን፣ አጥንቱንና ሌሎቹንም በጥሎሽ ልብስ ጠቅልላ ገባች። ዋሴ አየ፤ መደርደሪያው ላይ ቦታ ለቀቀላቸው። እሱ ደግሞ ስለ ንብ፣ ስለ ውኃ ጉድጓድ፣ ስለ ድንበር አካለል የሚያወሩ መጻሕፍት ነበሩት። ከሰዓት በኋላ ጓሮ ቁጭ ይሉና አንድ ቀን እሷ ለሱ፣ አንድ ቀን እሱ ለሷ ያነቡ ነበር። የድንበሩ መጽሐፍ ሲነበብ ሁለቱም እንቅልፍ ይወስዳቸዋል።

ዋሴ ሞተ። በሞተ በዓመቱ ትርንጎ ጓሮዋ ተቀምጣ የንቡን መጽሐፍ ስታነብ ሣቀች። ዝም ብሎ ፈገግታ አይደለም፤ ጉልበቷን እየመታች ነው የሣቀችው። ከአጥሩ ማዶ ጎረቤቷ እመት ደብሪቱ ሰማቻት። እመት ደብሪቱ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ምን እንዳሳቃት ለማወቅ ቸኮለች እንጂ። መጠየቅ ግን ስለማይፈቀድ ከሰሰቻት። ክሱ «በእውነት ላይ ሣቀች» የሚል ነበር።

አሽከሮች መጥተው ቤቱን ሲፈትሹ ሁለቱም ዓይነት መጽሐፍ ባንድ መደርደሪያ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተደግፎ ተገኘ። ይህ ወንጀል «ሁለት ወደድ» ይባላል። ቅጣቱም ግልጽ ነው። ተከሳሹ በዓመታዊው የሚዛን ቀን በሕዝብ ፊት ቀርቦ አንዱን ክምር ይመርጣል፣ ሌላውን በገዛ እጁ ያቃጥላል፣ ከዚያም «የዚህኛው ነኝ» ብሎ ይምላል። ካልማለ ቤቱን ያጣል።

ዳኛው ሊቀ ሚዛን ጓንጉል ነበር፤ የዋሴ ታናሽ ወንድም። በልጅነቱ ዋርካው ላይ ከተሰቀለው ሚዛን ወድቆ እግሩ ተሰብሮ ነበርና ከአነካሾቹ ሁሉ ይበልጥ የተከበረ ሰው ነው። ዕድሜውን በሙሉ መጽሐፍ መዝኖ አንድም ገጽ አልገለጠም። ከሚዛኑ ቀን በፊት በጠራራ ፀሐይ እያነከሰ ቤቷ መጣ።

«ዋርሳዬ፣ ዛሬ እግርህ ባሰበት እንዴ?» አለችው።

«እግሬን ተዪው፤ ክብር ነው። ምን አሳቀሽ፣ እትዬ?»

«ንቦቹ።»

«ንብ ምኑ ያስቃል?»

«ወንዶቹ። ዓመቱን ሙሉ ማር ሲልሱ ይከርሙና አበባ ሲጠፋ ሴቶቹ በክንፋቸው እየጎተቱ ከቀፎ ይጥሏቸዋል ይላል። የቤተ መንግሥት ሰዎች ትዝ አሉኝ።»

ጓንጉል ግራ ቀኙን አየ። «ይህን ለኔ አላልሽኝም።»

«አላልኩህም።»

ከዚያ ለመናት። ወንድሜ የሠራው ቤት እንዳይወሰድብሽ አለ። ከላይ ሰፈር ነኝ ካልሽ የዋሴ መጻሕፍት ይተርፋሉ፤ ከታች ነኝ ካልሽ የናትሽ ቤት አለ፤ ሁለቱም ጥሩ ነው፣ ብቻ አንዱን በይ፣ አንድ ቃል ነው አላት። እሷም አስብበታለሁ አለችው፤ ቃሏንም አከበረች። እሱ ከወጣ በኋላ መጻሕፍቱን መሬት አውርዳ በሁለት ከምራ መሐል ተቀመጠች።

ከልቧ ሞከረች። ዋሴ የሞተ ሰሞን ተረት ማንበብ አልቻለችም ነበር፤ በተረቱ ሁሉ ውስጥ የሚመለስ ባል አለና። ያቆማት የውኃ ጉድጓዱ መጽሐፍ ነው። መጀመሪያ ጥቁር አፈር፣ ቀጥሎ ኮረት፣ ከኮረቱ በታች እርጥበት፤ አትቸኩል፣ ግድግዳው እንዳይናድ እየደገፍክ ውረድ። ቀኑን ሙሉ ይህን ስታነብ ትውላለች። ቁፋሮ አላማራትም፤ እየደገፉ መውረድ እንደሚቻል የነገራት ግን ሌላ ማንም አልነበረም። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጃርቱን ገለጠች። ልጅቱ የባሏን እሾህ እየፈራች የምታቅፍበት ቦታ ላይ ስትደርስ እንባዋ መጣ፤ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ እምቢ ያለ እንባ ነበር። አንዱ መጽሐፍ አቆማት፣ አንዱ አስለቀሳት። አንደኛው ቢጎድል ወይ እንደ ቆመች ትደርቅ ነበር፣ ወይ እያለቀሰች ትሟሟ ነበር። የቱ ይቃጠል?

የድንበር አካለሉን መጽሐፍ አንሥታ አየችው። እሱን እንኳ ለማቃጠል አልጨከነችም፤ ዋሴን ስንት ቀን አስተኝቶታል።

የሚዛኑ ቀን ደረሰ። ላይ ሰፈር በቀኝ፣ ታች ሰፈር በግራ ቆመ። ንጉሡ ከመጋረጃ ኋላ ተቀመጠ፤ በሱ ፈንታ የሚናገረው እልፍኝ አስከልካዩ ነው። ችቦ የያዘ አሽከር ከትርንጎ መጻሕፍት አጠገብ ቆሟል። በሥርዓቱ መሠረት ከሁሉ በፊት የሚመዘነው የነገሥታቱ ታሪክ ነው፤ የእውነቶች ሁሉ አውራ። በሐር እንደ ተጠቀለለ፣ ጥላ ተይዞለት፣ አራት ሰው ተሸክሞት መጣ። ከሐሩ ስፌት ዱቄት የመሰለ ብናኝ ይንጠባጠብ ነበርና መኳንንቱ ለበረከት እየተሻሙ ግንባራቸውን ቀቡ።

ሳህኑ ላይ አስቀመጡት። መጽሐፉ ወደ ላይ ወጣ።

ዓምና ሳህኑ ትንሽ ሲንገዳገድ ጓንጉል በነፋስ አመካኝቶ ነበር። ዘንድሮ ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም። መጽሐፉ ከሐሩ ጋር አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ አባ ርቱዕም ከታች ተደላድሎ ተቀመጠ። አንዱ መኰንን ሐር እንጨምርበት አለ፤ ጨመሩ፤ አልወረደም። ሌላው ውኃ ይረጭበት አለ። ነገር ግን ታች ሰፈሮች በክረምት እርጥብ ተረት እያመጡ እውነት ማስባል አብዝተው ስለ ነበር፣ ጭቃ ሳይደርቅ እንዳይመዘን፣ የረጠበም እንዳይቀርብ ራሱ ንጉሡ ከልክሏል። ጭንቅ ሆነ። በመጨረሻ እልፍኝ አስከልካዩ ጉሮሮውን ጠርጎ ተናገረ፤

«የነገሥታቱ ታሪክ ሊቀል አይችልም። ስለዚህ ድንጋዩ ወፍሯል።»

መኳንንቱ ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። እውነትም፣ ያን ሁሉ ዘመን ዋርካ ሥር ያለ ሥራ የተቀመጠ ድንጋይ ቢወፍር ምን ይገርማል? ድንጋይ ጠራቢ ተጠርቶ አባ ርቱዕን ከጎኑ ፈለጠው። መዘኑ፤ አልወረደም። እንደገና ፈለጠው። ስብርባሪው መሬቱን ሞላው። አባ ርቱዕ የዶሮ እንቁላል ሲያክል መጽሐፉ ቀስ ብሎ ወረደ። እልልታው ቀለጠ፤ ነጋሪት ተጎሰመ።

ቀጥሎ ትርንጎ ተጠራች። መጻሕፍቷ ተራ በተራ ሳህን ላይ ወጡ። የንቡ መጽሐፍ ድንጋዩን አነሣው። ጃርቱ አነሣው። ያ ቀጭኑ የአጥንት መጽሐፍ፣ ሁለት ጣት የማይሞላው፣ እሱም አነሣው። የታች ሰፈር ሰዎች እርስ በርስ ተያዩና አንዲት ባልቴት ከመሐላቸው፣ «ልጄ፣ እኛም ጨዋ ልንሆን ነው መሰለኝ፤ ማነከስ ልልመድ እንዴ?» ስትል ሣቅ ፈነዳ። ላይ ሰፈሮች ጥለታቸውን ጨብጠው ቆሙ።

እልፍኝ አስከልካዩ ነገሩን ቶሎ ሊዘጋው ፈለገ። መጻሕፍቷ በሙሉ እውነት ሆነው ስለ ተገኙ የሚቃጠል ነገር እንደሌለ፣ ቤቷም እንደሚጸናላት፣ «የእውነት ነኝ» ብላ ምላ ወደ ቤቷ እንድትሄድ በደግ አፍ ነገራት። ጓንጉል በዓይኑ በይ፣ በይ አላት። ከዚህ ወዲያ ደግ ፍርድ አልነበረም። ትርንጎ ግን ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

«አልልም» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ጃርት ያገባችው ልጅ ጃርት አላገባችም፣ ጌታዬ። ማንም ሰው ጃርት አላገባም። የጻፈው ሰው ከልቡ ፈጥሮት ነው፤ ደግ አደረገ፤ እኔን ከሐዘን አውጥቶኛል። እውነት ነው ካላችሁት ግን ገደላችሁት፤ የርስት ክርክር ሆኖ ይቀራል።»

ጠጉራቸው ላይ እሾህ የሰኩት ሁለቱ ቤተሰቦች ባንድነት ተነሥተው አያታችን ተሰደቡ ብለው ጮኹ። እሷ ወደነሱ አልዞረችም።

«የአጥንቱ መጽሐፍ ደግሞ ትናንትም እውነት ነበር፤ ዛሬ ድንጋይ ስለ ተፈለጠለት አይደለም። ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ፤ ሁለቱንም በየስማቸው እጠራቸዋለሁ። አንዱን አስታቅፋችሁ ሌላውን አታስክዱኝም።»

«ታዲያ አንቺ የማን ነሽ?» አለ እልፍኝ አስከልካዩ።

«የማንም። መጻሕፍቱ የኔ ናቸው እንጂ እኔ የነሱ አይደለሁም። እርስዎስ፣ ጌታዬ? የነገሥታቱን ታሪክ አንብበውታል?»

እልፍኝ አስከልካዩ ዘወር ብሎ መጋረጃውን አየ።

«ግንባርዎ ላይ ያለው ብናኝ የብል ፍርፋሪ ነው» አለች። «በዚህ አገር ያን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ያነበበው ብል ብቻ ነው። እሱም ምንም አልተረፈለትም።»

አንዳንድ መኳንንት ቀስ ብለው ግንባራቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። እልፍኝ አስከልካዩ ፊቱ ተለዋወጠና ሁሉም ይቃጠል አለ። ባለ ችቦው ጎንበስ ሲል፣ ሊቀ ሚዛን ጓንጉል እያነከሰ መጥቶ ከመጻሕፍቱ ፊት ቆመ።

«ጌታዬ፣ ሕጉ ከተከሳሹ በቀር እውነትን ያቃጠለ ሁሉ እጁ ይቃጠል ይላል» አለ። «ሚዛኑ ደግሞ ሁሉም እውነት ናቸው ብሏል፤ ሕዝብ አይቷል። ማቃጠል ካስፈለገ መጀመሪያ ተረት መሆን አለባቸው። ለዚህም ድንጋዩን እንደ ቀድሞው ማወፈር ነው። ከዚያ እንደ ገና እንመዝናለን።» ደግሞም ጨመረ፤ «ሁሉንም። ከመጀመሪያው ጀምረን።»

ሰው ሁሉ ቀና ብሎ በሐር የተጠቀለለውን አየ። ባለ ችቦው ችቦውን ከራሱ እጅ ራቅ አድርጎ ያዘ፤ ከዚያም መሬት ላይ ደፍቶ አጠፋው።

መጻሕፍቱ ተረፉ። ትርንጎ ግን አልማለችምና ቤቷን ተቀማች። የማንም ያልሆነ ሰው በማንም ሰፈር ጣራ ሥር አያድርም፤ አንድም ሰው ቃል እንዳያናግረው የተገዘተ ነው። በሁለቱ ሰፈር መሐል ያለው ቦታ ዋርካው ብቻ ስለሆነ መጻሕፍቷን ተሸክማ እዚያ ሄደች። ከመሄዷ በፊት የዋሴን ቤት ቁልፍ ለጓንጉል ሰጠችው።

ከዋርካው ሥር ነፋስ ይበረታል፤ ገጽ አያስነብብም። ትርንጎ ከመሬት የአባ ርቱዕን ስብርባሪ እየለቀመች ገጹን ትጭንበት ጀመር። ለዚህ ሥራ ይህን የመሰለ ድንጋይ የለም፤ አይከብድም፣ አይቀልም። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነባለች። መጀመሪያ የመጣችው እመት ደብሪቱ ናት፤ አንገቷን ደፍታ፣ ባዶ እንስራ ይዛ፣ ውኃ ልትቀዳ የምትሄድ መስላ። የንቦቹን ነገር ሰማችና ጉልበቷን እየመታች ሣቀች። ቃል አልተነፈሰችም፤ ሕጉ የከለከለው መናገርን ነው፣ ስለ መስማት የተባለ ነገር የለም። ሌላውም ይህን ሲያይ መጣ። አመድማና ቀይ ጥለት ተቀላቅሎ ይቀመጣል፤ ማንም አይናገርም። ከመንግሥቱ ስብሰባ ሁሉ ጸጥታ ያለበት ይኸው ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ሳይበዛ፣ ጓንጉል መጣ። ተቀመጠና ያን የተከበረ እግሩን ዘርግቶ ፊቷ አኖረው። ዳኛ ነውና ከሁሉ ይልቅ እሱ ሊናገር አይችልም። ትርንጎ እግሩን አየች፤ ቀጭኑን መጽሐፍ አወጣች፤ ገጹን ገልጣ በስባሪው ድንጋይ ጫነችው።

«ያማል፣ ዋርሳዬ» አለችው። «ጠምሞ የገጠመ አጥንት እንደ ገና መሰበር አለበት ይላል።»

ጓንጉል ራሱን ነቀነቀ። ላብ ፊቱን አርሶታል።

«እስከዚያ ጃርቱን ላጫውትህ።» እጆቿን እግሩ ላይ አደረገች፤ ጃርቱን በቃሏ ታውቀዋለች። ልጅቱ በሩን ዘግታ መቀመጧን፣ ጃርቱ ዝናብ ላይ መቆሙን፣ እሾሁ ሁሉ ውኃ ማንጠባጠቡን ነገረችው። ጓንጉል አፉን ከፍቶ ያዳምጣል፤ በዕድሜው አንድ ታሪክ ሲሰማ የመጀመሪያው ነው። «ከዚያ ጃርቱ እጁን አነሣና በሩን አንኳኳ» አለች። አጥንቱ ያን ጊዜ ተሰበረ። ጓንጉል ዓይኑ በእንባ ሞላ፣ ነጠላውን ነከሰ፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ግዝቱን ረስቶ፣ በዚያ አደባባይ፣ በጠራ ድምፅ፣

«ከፈተችለት?» አላት።

ታሪኩ ይኸው ነው። አደራ፣ ለማንም አትንገሩት፤ እኔም አላልኳችሁም፣ እናንተም አልሰማችሁም። ማን እንደ ሰማ ደግሞ ከአካሄዱ ያስታውቃልና፣ ከዚህ ስትወጡ ለጥንቃቄ ትንሽ ትንሽ አንክሱ።